ዳገት ላይ ማንም ብቻውን እንዳይቀር፦ አቅሙ የተለያየ ቡድን ይዞ ተራራ ለመውጣት

«እናንተ ቀጥሉ፣ እኔ ቀስ እያልኩ እደርሳለሁ።»

ዳገት ላይ ይህን ያልሰማ የቡድን መሪ ያለ አይመስለኝም። እኔም ሰምቼ፣ አምኜ፣ ቀጥያለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አሥራ አራት ሆነን በመናገሻ ሱባ ደን በኩል ወደ ወጨጫ ተራራ ስንወጣ ነው። ሃምሳ ዓመት የሚጠጋቸው አንዲት እናት ከኋላ ሆነው «ሂዱ፣ ሂዱ» እያሉ በእጃቸው ሸኙን። መንገዱ አንድ ቦታ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ላይ የሚወጣው የእግር መንገድ ነው፣ ሌላው ከብት ወደ ውሃ የሚወርድበት። እሳቸው የከብቱን ያዙ። ጥዱ ውስጥ አንድ ሰዓት ተኩል ስንጣራ ቆይተን ስናገኛቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጫማቸው ወልቋል፣ አንድ ትንሽ እረኛ አጠገባቸው ቆሟል። ሁለቱም ተረከዛቸው ውሃ ቋጥሯል። አልተቆጡንም። «አስቸገርኳችሁ ልጆቼ» ነው ያሉት።

ጥፋቱ የኔ ነበር። ሰው ደክሞኛል ብሎ አሥራ ሦስት ሰው ከሚያስቆም እግሩ ቢደማ ይመርጣል፤ ይሉኝታ የሚባለው ይኸው ነው። ስለዚህ የደከመው እስኪናገር የሚጠብቅ መሪ ሁልጊዜ ይዘገያል። አካሄዱ ራሱ ማንም «ቆዩኝ» ብሎ እንዳይለምን ሆኖ መሰናዳት አለበት። ከዚህ በታች ያለው ከዚያ ቀን ወዲህ የምከተለው አሠራር ነው።

1. ከጉዞው በፊት፦ በስልክ፣ ለየብቻ ጠይቁ

«ትችላለህ?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ «እንዴታ!» ነው፤ በቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ፣ ሁሉም እያየ ከጠየቃችሁማ ሌላ መልስ አታገኙም። ለእያንዳንዱ ደውሉና ቁርጥ ያለ ነገር ጠይቁ፦ ለመጨረሻ ጊዜ ሦስት ሰዓት በእግርህ የሄድከው መቼ ነው? አራተኛ ፎቅ በደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ ትቆማለህ? ቁልቁለት ላይ ጉልበትህን ያምሃል? አስም፣ ደም ግፊት፣ ስኳር አለብህ? የምትውጠው መድኃኒት ቦርሳህ ውስጥ ይኖራል? የምታደርገውን ጫማ ከዚህ በፊት ረጅም መንገድ ሄደህበታል? ለታላላቆች በአክብሮት እንደሚጠየቀው ጠይቁ፣ ግን አትዝለሏቸው። የስልሳ ዓመት ሰው ጠዋት ጠዋት እንጦጦ እየወጣ ሊሆን ይችላል፤ የሃያ አምስት ዓመቱ ወጣት ደግሞ ከቢሮ ወንበር ተነስቶ አያውቅ ይሆናል። ዕድሜ አቅምን አይናገርም።

ሁለት ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል። አንዱ ጾም ነው። በሑዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ከማንም እኩል ጀምሮ አምስት ሰዓት ላይ ጉልበቱ ሊከዳው ይችላል። በረመዳን የሚጾም ሰው ደግሞ ውሃም አይጠጣም። እንዲህ ያለ ሰው በቡድኑ ውስጥ ካለ መንገዱን አሳጥሩ ወይም ቀኑን ለውጡ፤ ጾሙን እንዲያፈርስ አታግባቡት።

ሁለተኛው ከውጭ የመጣ እንግዳ ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የመጣ ዘመድ በባህር ጠለል አቅራቢያ ሲኖር የቆየ ሰው ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የእንጦጦ አናት ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ እዚያ ላይ አየሩ ከባህር ጠለሉ 30 በመቶ ያህል ይሳሳል። በሚኖርበት አገር በየቀኑ ስፖርት የሚሠራ ሰው እዚህ ሲደርስ ደረጃ መውጣት ሲያቅተው ደንግጦ የልብ በሽታ የያዘው ይመስለዋል። ሦስት አራት ቀን ከተማው ውስጥ ይቆይ፣ ከዚያ ውሰዱት። በመጣ በማግስቱ እንጦጦ ማርያም ላሳልምህ ብሎ ሽቅብ ማስሮጥ ፍቅር ቢሆንም ልክ አይደለም።

2. ሰዓቱን በደካማው እግር አስሉ

ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ቀላል ስሌት እስካሁን ይሠራል፦ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትሩ ሽቅብ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት። ይህ ግን ለጠንካራ ሰው ነው፤ ዕረፍትም አይጨምርም። ስለዚህ አቅሙ ለተደበላለቀ ቡድን ውጤቱን በአንድ ተኩል አባዙት፣ ከዚያ ዕረፍቱን ጨምሩበት።

ለምሳሌ ደርሶ መልሱ 12 ኪሎ ሜትር የሆነና 600 ሜትር ሽቅብ ያለው መንገድ እንውሰድ። በስሌቱ 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ለርቀቱ፣ 1 ሰዓት ለዳገቱ፣ በድምሩ 3 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይሆናል። በአንድ ተኩል ሲባዛ 5 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ነው። እያንዳንዱ 10 ደቂቃ የሆነ አራት ዕረፍትና 40 ደቂቃ ለምሳ ስትጨምሩ ወደ 6 ሰዓት ተኩል ይጠጋል። ጠዋት 1፡30 የተነሳ ቡድን ወደ 8 ሰዓት ይመለሳል ማለት ነው። በኛ አገር ከ12 ሰዓት በኋላ ጨለማው ድንገት ነው የሚወድቀው፤ ስለዚህ ለክፉ ቀን የሚሆን አራት ሰዓት ያህል በእጃችሁ አለ። ጠንካራውን ብቻ አስባችሁ 4 ሰዓት ላይ ብትነሱ ግን የዚህ መጠባበቂያ አብዛኛው ያልቃል።

የመመለሻ ሰዓትም አሁኑኑ ቁረጡ። «6 ሰዓት ከሆነ የትም ብንሆን እንመለሳለን» በሉና ለሁሉም ተናገሩ። ክረምት ከሆነ ይበልጥ ጠበቅ አድርጉት፤ ከሰዓት በኋላ ደመናው ጫፍ ላይ ይከመርና መብረቅ ይጀምራል። ጫፉ 200 ሜትር ሲቀረው መመለስ ያማል፤ ጠዋት ላይ የተነገረ ሲሆን ግን ማንም ሰው በአንዱ ደካማ አያሳብብም።

3. ፊታውራሪና ደጀን

ድሮ የጦር ሰልፉን ፊት የሚመራው ፊታውራሪ ነበር፤ ከኋላ የሚጠብቀው ደግሞ ደጀን ይባል ነበር። ለተራራም ከዚህ የተሻለ ስም አላገኘሁም። የፊታውራሪው ሥራ መንገድ ማወቅና መዘግየት ነው። ከሱ ፊት ማንም አይሄድም። ደጀኑ ደግሞ ከሱ ኋላ ማንም እንደሌለ በማንኛውም ደቂቃ መማል የሚችል ሰው መሆን አለበት።

ብዙ ቡድን ደጀን የሚያደርገው የደከመውን ሰው ጓደኛ ነው፤ እሱም ደክሞት ይሆናል። አይሆንም። ደጀን ከቡድኑ ጠንካራ ከሆኑት አንዱ፣ ትዕግሥተኛና ወሬ የሚያውቅ ሰው ይሁን። የመጀመሪያ እርዳታ ቦርሳው፣ ተጨማሪ ውሃውና ባትሪው እሱ ጋ ይሁን፤ ችግር የሚመጣው ከኋላ ነውና። ሁለቱም ስልክና ፊሽካ ይያዙ፤ ጫካ ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ፊሽካ ግን አይጠፋም። አንድ ረጅም ፊሽካ «ቁም» ማለት ይሁን። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ መንፋት በብዙ አገር ተራራ ላይ የድረሱልኝ ጥሪ ነው፤ ሁሉም ይወቀው።

ቀስ የሚለውስ የት ይሁን? ሁለተኛ። ከፊታውራሪው ልክ ኋላ። መጨረሻ ላይ የሚሄድ ሰው ከፊቱ የሚርቀውን ጀርባ ብቻ እያየ ተስፋ ይቆርጣል፤ እግሩ ከመዛሉ በፊት ልቡ ይዝላል። ሁለተኛ ላይ ከሆነ ግን ፊታውራሪው ትንፋሹን ይሰማል፣ እርምጃውንም በዚያ ይለካል። ቦታውን ስትሰጡት «አንተ ደካማ ስለሆንክ» አትበሉት። «ና እዚህ እኔ ጋ ሁን፣ መንገዱን ላሳይህ» ይበቃል።

4. ጭነት

ከመነሳታችሁ በፊት ቦርሳዎቹን አንድ በአንድ አንሱ። ሁልጊዜ አንድ ሰው አራት ሊትር ውሃ፣ ሁለት ጃኬትና የቤተሰቡን ሁሉ ምሳ ተሸክሞ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ቡድኑ ውስጥ አቅም የሚያንሰው እሱ ነው፣ ምክንያቱም ይፈራል። ለሙሉ ቀን ከሁለት እስከ ሦስት ሊትር ውሃ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል።

ዳገቱ መሃል ላይ «ቦርሳህን ስጠኝ» ብትሉት እንቢ ይላችኋል። እኔ የማደርገው ሌላ ነው፦ መጀመሪያው ዕረፍት ላይ «ከእርስዎ ውሃ እንጀምር» እላለሁ። ሦስት ሰው ከሱ ቦርሳ ሲጠጣ አንድ ሊትር ተኩል፣ ማለትም አንድ ኪሎ ተኩል ከትከሻው ይወርዳል፤ ማጋራት እንጂ መረዳት አይመስለውም። የሌሎቹ ውሃ በኋላ ለሱ ይሆናል። ምሳውንም እንደዚሁ።

5. የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት

ቀኑ የሚበላሸው እዚህ ነው። ከመኪና ሲወረድ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ሁሉም ደስ ብሎታል፣ ፎቶ ተነስቷል፣ እግር ትኩስ ነው። ያኔ ፊታውራሪው ከፈጠነ ደካማው ላለመለየት የቀኑን ጉልበት በሃያ ደቂቃ ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ የሰጣችሁት ዕረፍት ሁሉ አይመልሰውም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው በትክክል ለዚህ ነው።

ልኩን የምታውቁት በትንፋሽ ነው። ሁለተኛ ላይ ያለው ሰው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራርጥ መናገር ከቻለ ፍጥነቱ ልክ ነው። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሥራው ጠይቁት። መልሱ «አዎ…» «እሺ…» እየሆነ ከመጣ ዝግ በሉ፤ መቆም ግን አይደለም። ሄድ ቆም፣ ሄድ ቆም የሚል አካሄድ ከምንም በላይ ያደክማል።

ዳገቱ ሲጠና እርምጃውን አሳጥሩት፣ ምቱን ግን አትለውጡ። በጣም ቀጥ ያለ ቦታ ላይ ደግሞ የኋላ እግርን ቀጥ አድርጎ ለአንድ ቅጽበት ክብደትን አጥንት ላይ ማሳረፍ፣ ከዚያ የፊተኛውን ማንሳት ይቻላል። ለደከመ ሰው ይህን ብቻ አሳዩት። ባቱ በእያንዳንዱ እርምጃ ትንሽ ያርፋል፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ፊቱ ላይ ታዩታላችሁ።

ከተነሳችሁ ከሩብ ሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ቁሙ። ጃኬት የሚያወልቅ ያውልቅ፣ ክር የሚያስር ይሰር። በተለይ «ተረከዝ የሚፈጀው አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚፈጅ ቦታ ላይ ያኔ ፕላስተር ከተለጠፈ ውሃ አይቋጥርም፤ ከቋጠረ በኋላ ግን ጫፍ ድረስ በሥቃይ ነው።

6. ዕረፍት የሚጀምረው የመጨረሻው ሰው ሲቀመጥ ነው

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ።

የተለመደውን እዩት። ፈጣኖቹ አሥር ደቂቃ ቀድመው ጥላ ጋ ይደርሳሉ። ይቀመጣሉ፣ ውሃ ይጠጣሉ፣ ይስቃሉ። የኋለኛው ሰው እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ አገጩ ላይ ላብ እየተንጠባጠበ ብቅ ይላል። ያኔ «መጣችሁ? በሉ እንሂድ!» ተብሎ ሁሉም ይነሳል። በቀን አምስት ጊዜ እንዲህ ከተደረገ ጠንካሮቹ ሃምሳ ደቂቃ አርፈዋል፣ ደካማው ምንም አላረፈም። ዕረፍት የሚያስፈልገው ሰው ብቻ ነው ያላረፈው። ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ክፉ አይደሉም፤ ሰዓቱ የተቆጠረው ከነሱ መድረስ ጀምሮ ስለሆነ አይታያቸውም።

ስለዚህ ደጀኑ ደርሶ፣ ሁሉም ተቀምጦ፣ «አሥር ደቂቃ» ተብሎ ሰዓት ይያዝ። ደካማው ቀድሞ ልነሳ ካለ እንቢ በሉት። በየሰዓቱ አንዴ ይበቃል። በዚያ አሥር ደቂቃ ጃኬት ይደረብ፤ ላብ ከደረቀ በኋላ ብርድ ይገባል፣ በተለይ ቀድመው የደረሱት ላይ። ትንሽ ነገርም ይበላ፦ ጭብጥ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቴምር፣ ሙዝ። በማር የታሸ በሶ በትንሽ ዕቃ ብትይዙ ከሱቅ ብስኩት ሁሉ ይበልጣል። ምሳ ላይ ግን ሆድ እስኪሞላ አትብሉ፤ ጥጋብ ላይ ዳገት መሪር ነው።

አንድ ሌላ ነገር፦ «ትንሽ ነው የቀረው» ብላችሁ አትዋሹ። ሦስተኛው «ትንሽ» ላይ ሰውዬው እናንተን ማመን ያቆማል። «አርባ ደቂቃ ይቀረናል፣ ሃያው ይከብዳል» ብትሉት ጉልበቱን ያከፋፍላል።

7. መንታ መንገድ

ወደ ወጨጫው ቀን የምመለሰው እዚህ ላይ ነው። መንገድ በተከፈለበት፣ ወንዝ በሚሻገሩበት፣ አጥር በሚያልፉበት ቦታ ሁሉ ቡድኑ ይቆማል፤ ደጀኑ በዓይን ሳይታይ አንድም ሰው አያልፍም። ጫካ ውስጥ ከሆነ እያንዳንዱ ሰው ከኋላው ያለውን አንድ ሰው ኃላፊነት ይውሰድ፦ ዞር ብሎ ካጣው ይቁም፣ ከፊቱ ያለውም እሱን ሲያጣ ይቆማል። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሰልፉ በሙሉ ራሱን ያቆማል፤ ማንም ሳይጮህ።

8. ለፈጣኖቹ ሥራ ስጧቸው

የነሱም ቅሬታ እውነት ነው። ከራስ እርምጃ በታች ለስድስት ሰዓት መሄድ ወገብ ያማል፣ ያሰለቻል፤ ሳምንቱን ሙሉ ይህን ቀን ሲጠብቁ ቆይተዋል። የጋራውን ምሳና ውሃ አሸክሟቸው። አንዱን ደጀን፣ ሌላውን ፎቶ አንሺ አድርጉት። ሌሎቹ ምሳ ላይ ሲያርፉ ወደ ቀጣዩ ኮረብታ ደርሰው እንዲመለሱ፣ ሁለት ሆነው፣ የመመለሻ ደቂቃው ተቆርጦ ፍቀዱላቸው።

ልዩነቱ በጣም ሰፊ ሲሆን ግን አንድ ቡድን ነን ማለት ለማንም አይበጅም። ሜዳ ላይ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከፊትና ከኋላ መካከል ከአሥር ደቂቃ በላይ ከተለያያችሁ፣ እዚያው ለሁለት ተከፈሉ። እያንዳንዱ ክፍል መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ ስልክ፣ የመጀመሪያ እርዳታና ቢያንስ ሦስት ሰው ይኑረው፤ የመገናኛው ቦታና ሰዓት ይነገር። ተነጋግሮ መለያየትና ተበታትኖ መቅረት አንድ አይደሉም።

9. «ደህና ነኝ» ሲባል ፊቱን እዩ

ሲያወራ የነበረ ሰው ዝም ካለ፣ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ከተደናቀፈ፣ ምግብ ካስጠላው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ የተጠየቀውን ትቶ ሌላ ከመለሰ «ደህና ነኝ» ቢልም ደህና አይደለም። አስቀምጡት፣ አጠጡት፣ አብሉት። ሩብ ሰዓት ቆይቶ ካልተሻለው ወደ ታች። ደረቱን የሚጫነው፣ ቁጭ ብሎም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ከሆነ አትጠብቁ፤ ሐኪም ጋ አድርሱት። ማንም ብቻውን አይመለስም፤ ሁለት ሰው አብሮት ይውረድ።

ስሜን ተራሮች ላይ ይህ ይበልጥ ይጠነክራል። የማደሪያ ሰፈሮቹ ሳንካበር 3,250፣ ግጭ 3,600 ሜትር ገደማ ናቸው፤ እሜት ጎጎ የሚባለው ጫፍ ደግሞ 3,926 ሜትር ይደርሳል። ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበት ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመረጣል። በመኪና ከጎንደር ተነስቶ በዚያው ቀን ጨነቅ በሚባለው ሰፈር ማደር የሚቻል ቢሆንም አልመክረውም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር አብረው ከመጡ የከፍታ ሕመም ነው፤ ጠንካራ ስፖርተኛንም ይይዛል፣ እንዲያውም ፈጥኖ ስለሚወጣ ቀድሞ ሊይዘው ይችላል። የያዘው ሰው ሽቅብ አይቀጥልም፤ ከባሰበት ሌሊትም ቢሆን ይወርዳል። እዚያ በቅሎ መከራየት ይቻላል፤ አንድ ባዶ በቅሎ ከቡድኑ ኋላ ቢከተል ወጪው አያስቆጭም።

10. ቁልቁለት

ሰልፉን እንደገና አስተካክሉ፤ ሽቅብ ደካማ የነበረው አሁን ያው ሰው ላይሆን ይችላል። ዳገት ትንፋሽ ይፈልጋል፣ ቁልቁለት ጉልበትና ጭን። ጠዋት ሁሉን ቀድሞ የወጣው ጎልማሳ ጉልበቱን ይዞ ጎን ለጎን ሲወርድ አይቻለሁ። የክር ማሰሪያ ይጥበቅ፣ ምርኩዝ ያለው ለሌለው ያውስ፣ እርምጃ ይጠር። እንጦጦ ላይ በተለይ የባሕር ዛፉን ተጠንቀቁ፤ የደረቀው ቅጠል ያንሸራትታል፣ ከሥሩ ያለው ትንንሽ ፍሬ ደግሞ ጫማ ሥር እንደ ጠጠር ይንከባለላል። አብዛኛው ሰው የሚወድቀው ከሰዓት በኋላ፣ መኪናው ከታየ በኋላ ነው፤ ሁሉም ስለሚቸኩል።

መኪናው ጋ ስትደርሱ ስም ጥሩ፤ በዓይን መቁጠር ያሳስታል። በማግስቱ መጨረሻ ላይ ለነበረው ሰው ደውላችሁ ጉልበቱን፣ ተረከዙን፣ ፍጥነቱ እንዴት እንደነበር ጠይቁት፤ ዳገት ላይ ያልነገራችሁን በስልክ ይነግራችኋል። እኔ ማስታወሻ ደብተር አለኝ። በየመንገዱ የፈጀብንን ሰዓትና በየሰው ስም አጠገብ አንዳንድ ነገር እጽፍበታለሁ። ከዚያች እናት ስም አጠገብ «ጫማ፤ ተረከዝ፤ ሁለተኛ» ይላል። ባለፈው ጥቅምት የረር ተራራን ወጥተናል፤ ከኔ ልክ ኋላ ሆነው፣ ስለ ልጃቸው ሠርግ እያወሩ።